ምዕራፍ 7፦ ሞቷል ወይስ ተኝቷል? የታመመ ቀንድ አውጣን ስለ ማስታመም

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1846 ከግብፅ የመጣ የበረሃ ቀንድ አውጣ ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። የሙዚየሙ ሠራተኞች ባዶ ዛጎል መስሏቸው ሙጫ ቀብተው ሰሌዳ ላይ ለጠፉት፤ ከሌሎች ናሙናዎች ጋርም ደረደሩት። እንደተለጠፈ አራት ዓመት ቆየ። በመጋቢት 1850 ግን ከዛጎሉ አጠገብ ያለው ወረቀት ቀለሙን ለውጦ ተገኘ። ጠርጥረው ነቀሉትና ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ቢከቱት ጥቂት ቆይቶ ብቅ አለ። የጎመን ቅጠል ሰጡት፤ በላ። ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል በሕይወት ኖረ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀንድ አውጣ የሚያሳድግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ትምህርት እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ድርቀት ወይም ብርድ ሲመጣበት ይህ ፍጡር ወደ ዛጎሉ ይገባና አፉን በልጋጉ ይደፍናል። ልጋጉም ሲደርቅ ብራና የመሰለ ስስ መዝጊያ ይሆናል። የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ምግብ አያምረውም፣ ለወራት ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ግን ሳምንት ሳይሞላ "ሞተ" ብሎ ይደመድማል። በቁሙ የሚቀበረው ቀንድ አውጣ ጥቂት አይመስለኝም።

ለአማርኛ አንባቢ ቀንድ አውጣን ማስታመም የሚለው ነገር ራሱ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። እኛ የምናውቀው በጓሮ አትክልት ጠላትነቱ፣ አለዚያም በትምህርት ቤት መጽሐፍ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ሆኖ ነው። ከቀንድ አውጣ ጋር ስማቸው በዓለም የተነሣው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንኳ የታወቁት እሱን በሚገድል ግኝት ነው። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ወዲህ እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንዲውል ብዙ ደከሙ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የወንዙ ቀንድ አውጣ ሰው ይገድላልና ማንም አይፈርድባቸውም።

በብሪታንያ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደው ግዙፉ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሊሳካቲና ፉሊካ፣ እዚያ የቤት እንስሳ ነው። ዛጎሉ ብቻ 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አይጮኽም፣ ፀጉር አያራግፍም፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ማንንም አያስቀይምም፤ አንድ የፕላስቲክ ሳጥንና ጥቂት አፈር ይበቃዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ክፍል ውስጥ ያሳድጉታል። ስለዚህ ለንደን ወይም ሊድስ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጅ ለዕረፍት ጊዜ የክፍሉን ቀንድ አውጣ ይዞ ከች ሊል ይችላል። እናት መጀመሪያ "ይህን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ" ማለቷ አይቀርም፤ ከሳምንት በኋላ ግን ኪያር የምትቆርጥለት እሷው ሆና ትገኛለች። አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ግን ከወዲሁ ልንገረው፦ እዚያ ይህን ዝርያ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጤነኛውን ሳያውቁ በሽተኛውን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ደኅና በሆነበት ሰሞን አንድ ማታ ባትሪ ይዞ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ቀንድ አውጣ የሌሊት ፍጡር ነውና። ከዛጎሉ አፍ በቀኝ በኩል፣ ሥጋው ከዛጎሉ ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዲት ቀዳዳ አለች። ቀስ ብላ ትከፈታለች፣ ጥቂት ቆይታ ትዘጋለች፤ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ሁለቱ ረዣዥም ቀንዶች ጫፋቸው ላይ ዓይን አላቸው፤ ሁለቱ አጫጭሮች ደግሞ ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ። ረዥሙን ቀንድ በጣት ነካ ቢያደርጉት ዓይኑ ወደ ውስጥ ተስቦ ቀንዱ ከጫፉ ጀምሮ እየተገለበጠ ይገባል፤ አደጋ እንደሌለ ሲያይ በዝግታ መልሶ ያወጣዋል። ዛጎሉ ገና ያልጠነከረ ግልገል ብርሃን ፊት ቢያዝ ልቡ ስትመታ በዛጎሉ ውስጥ አልፋ ትታያለች። ደሙ ቀይ አይደለም። ኦክስጅን የሚሸከምለት ሄሞሲያኒን የተባለ መዳብ ያለበት ፕሮቲን ስለሆነ አየር ሲነካው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

የታመመው እንግዲህ ከዚህ መልክ የጎደለ ነው። ማታ ማታ አይወጣም። ሲወጣም ቀንዶቹን እስከ መጨረሻ አይዘረጋም። ሲነኩት ለመሸሽ ይዘገያል፣ ወይም ሥጋው ከዛጎሉ ውጭ ተዘርግቶ ይቀርና ለመግባት አቅም ያጣል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ከዛጎሉ አፍ ርቆ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ይህ ከተለመደው እንቅልፍ የሚለየው ባለመዘጋቱ ነው። የተኛ ቀንድ አውጣ ደጁን ዘግቶ ይተኛል፤ የታመመው ክፍት ትቶት ይሰምጣል። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይገኝም እንጂ ለመጀመሪያ ግምት ይረዳል።

የተጠራጠረ ሰው ማድረግ ያለበት ያንኑ የሙዚየሙ ሰዎች ያደረጉትን ነው። ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያደረ ውኃ ለብ ይደረጋል፤ የእጅ አንጓ ላይ ሲያንጠባጥቡት ሙቀቱ የማይታወቅ መሆን አለበት። ዝርግ ሳህን ላይ በጣም ጥቂት ይፈሰስና ቀንድ አውጣው የዛጎሉ አፍ ውኃውን እንዲነካ ሆኖ ይቀመጣል። የመተንፈሻ ቀዳዳው ከውኃው በላይ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የየብስ ቀንድ አውጣ ይሰጥማልና። ከዚያ መጠበቅ ነው። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መጀመሪያ የእግሩ ጠርዝ ይርገበገባል፤ ከዚያ ልጋጉ ይታያል፤ ቀንዶቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ምንም ካልመጣ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ በማግስቱ እንደገና ይሞከራል። ከዛጎሉ በግድ ጎትቶ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሥጋው ከዛጎሉ መሐል ምሰሶ ጋር በጡንቻ የታሰረ ስለሆነ ጡንቻው ከተበጠሰ ነገሩ አለቀ።

ሞት ሲሆን ራሱ ይናገራል። የሞተ ቀንድ አውጣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚያመጣው ሽታ ከምንም ጋር አይምታታም፤ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። ሥጋው ይላላል፣ ቡናማ ፈሳሽ ከዛጎሉ ይወጣል፣ ጣት ሲነካው ምንም አይመልስም። ሽታ ከሌለ ተስፋ አለ ብሎ መያዙ ይሻላል።

በሽታው ምንድን ነው ወደሚለው ከመሄድ በፊት ሳጥኑን ማየት ያዋጣል። አብዛኛው የቀንድ አውጣ ሕመም ከቤቱ የሚመጣ ነው፦ አፈሩ ደርቋል ወይም ጭቃ ሆኗል፣ ክፍሉ በርዷል፣ የበሰበሰ ምግብ ሳይነሣ ቀርቷል፣ ወይም ካልሲየም የለም። ለአፍሪካው ቀንድ አውጣ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ሙቀት፣ ሲጨብጡት ውኃ የማይንጠባጠብ ግን እርጥብ የሆነ አፈር ይስማማዋል። ለዛጎሉ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ይሰጠዋል፤ በቤት እንስሳት ሱቅ ለወፎች የሚሸጠው ነጭ የካትልፊሽ አጥንትም ይሆነዋል። ካልሲየም ያጣ ቀንድ አውጣ የጓደኛውን ዛጎል ሲፍቅ ይገኛል፤ ይህን የመሰለ ግልጽ ምልክት የለም። ጨው ያለበት ምግብ፣ ፀረ ተባይ የተረጨ ሰላጣ፣ የመዳብ ዕቃ ሁሉ መርዙ ነው። ደሙ መዳብ ይዞ ሳለ ከውጭ የሚመጣው መዳብ የሚገድለው መሆኑ ለእኔ ከሚገርሙኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ከእውነተኞቹ በሽታዎች ቶሎ የሚታየው ማይት ነው፤ ሪካርዶኤላ የሚባሉ የአሸዋ ቅንጣት የማያህሉ ነጭ ተባዮች በሥጋው ላይ በፍጥነት ይሯሯጣሉ፣ በመተንፈሻ ቀዳዳዋም ይገቡና ይወጣሉ። ደም መጣጮች ናቸው። መድኃኒት ተብሎ የሚረጭ ነገር ቀንድ አውጣውንም አብሮ ስለሚጎዳ ሥራው የጽዳት ነው፦ በሽተኛውን ለይቶ፣ አፈሩን ጥሎ፣ ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጥቦ፣ ለሳምንታት በየቀኑ በረጠበ ወረቀት ላይ ማኖር። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ዛጎል መሰበር ሌላው ነው፤ እዚህ ላይ ቀንድ አውጣ የሚገርም ራሱን ጠጋኝ ነው። አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የሳጥኑ ክዳን ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከታች ባለ የሸክላ ሳህን ላይ ሲወድቅ ነው፤ ጠንካራ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ አይኑር። ዛጎሉን የሚሠራው ማንትል የሚባለው ሥጋውን የሸፈነ ስስ ክፍል ነው። ከዛጎሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢሸረፍ የሚያሳስብ አይደለም፤ ጠርዙ በየጊዜው የሚያድግበት ቦታ ስለሆነ ይሞላዋል። ከጎኑ ቢሰነጠቅም ማንትሉ ካልተቀደደ ከውስጥ በኩል በመጀመሪያ ስስ ሽፋን ያበጅለታል፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በካልሲየም ያጠነክረዋል። የተጠገነው ቦታ ሻካራና መልኩም የተለየ ሆኖ ይቀራል። አስታማሚው ማድረግ ያለበት እርጥበቱን መጠበቅ፣ ካልሲየም ማብዛት፣ አለመነካካት ነው። ስብርባሪው ከቦታው ካልወጣ አይነቀል። ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ሥጋው ከታየ አንዳንዶች የጥሬ እንቁላል ውስጠኛ ስስ ሽፋን አልብሰው ያቆዩታል፤ ብልሃቱ ጥሩ ነው። ሙጫ ግን ሥጋ እንዳይነካ።

የማይድነው የቱ ነው? ዛጎሉ በትልቁ ተደርምሶ የውስጥ ዕቃው የወጣና የተቀደደ። ማንትሉ ከዛጎሉ ጠርዝ ተላቆ የተንጠለጠለና ከቀን ወደ ቀን እየወረደ የሄደ፤ ይህ በአርቢዎች ዘንድ ክፉ ስም ያለው ምልክት ነው፣ ጥቂቶች ቢያገግሙም ብዙዎቹ አይመለሱም። ከአንገቱ ጎን ወይም ከአፉ የወጣ የውስጥ አካል በእርጥበት ተጠብቆ ካልተመለሰና ከጠቆረ። ለቀናት ሳይበላ የከረመ፣ በለብ ያለ ውኃ የማይነቃ፣ ሲነኩት ግን ገና የሚኮማተር። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ውሳኔ ፊት ቆሟል።

ይህ ዓይነቱ ውሳኔ ለእኛ አዲስ ነው። አገር ቤት በሬ ሲታመም "ሳይሞት ይታረድ" ይባላል፤ የሚባለው ግን ከሞተ በክት ስለሚሆን ለሥጋው ታስቦ ነው እንጂ በሬው ሥቃዩ እንዲያጥርለት አይደለም። የማይበላ እንስሳ፣ ውሻም ሆነ አህያ፣ እንደምንም ብሎ በራሱ ጊዜ እንዲሞት ይተዋል። "ነፍስ ነው፣ ምን አገባኝ" የሚለው አነጋገር አክብሮት ይመስላል፤ ሦስት ቀን የሚያጣጥር ፍጡር አጠገብ ሲባል ግን ከኃላፊነት መሸሽ ነው የምለው።

እርግጥ ቀንድ አውጣ ይሠቃያል ወይ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥርዓተ ነርቩ በአንድ አንጎል የተሰበሰበ አይደለም፤ በጉሮሮው ዙሪያ ቀለበት የሠሩ የነርቭ ቋጠሮዎች ናቸው። በ1983 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት ሴፔያ ኔሞራሊስ የሚባሉ የአውሮፓ ቀንድ አውጣዎች 40 ዲግሪ የሞቀ ገጽ ላይ ሲቀመጡ የእግራቸውን ፊት ወደ ላይ ያነሡ ነበር። ሞርፊን ሲሰጣቸው ለማንሣት ዘገዩ። የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን ሲጨመር ደግሞ መዘግየቱ ጠፋ። የሰውን ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት በእነሱም ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ኤሪክ ካንደል በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የትውስታ ምርምር ዋና እንስሳ የቀንድ አውጣ የባሕር ዘመድ የሆነችው አፕሊዥያ ነበረች። ጅራቷን በኤሌክትሪክ ደጋግመው የነዘሯት አፕሊዥያ ነገሩን ለቀናት አትረሳውም።

ከሚጎዳ ነገር መሸሽ ብቻውን ሥቃይ መሰማቱን አያረጋግጥም፤ ይህን የሚሉ ሳይንቲስቶች አላበዱም። የብሪታንያ ሕግም እዚህ ላይ ቆሟል፦ በ2022 የወጣው የእንስሳት ስሜት ሕግ ከአከርካሪ አጥንት አልባዎች ኦክቶፐስንና ሸርጣንን ከዘመዶቻቸው ጋር ሲያቅፍ ቀንድ አውጣን ውጭ ትቶታል። እኔ ግን ጥርጣሬው ለቀንድ አውጣው ይሁንለት እላለሁ። ተሳስተን ብንጠነቀቅለት የምናጣው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ተሳስተን ብንጨክንበት የሚከፍለው እሱ ነው።

መንገዱን በተመለከተ መጀመሪያ የማይደረገውን። ጨው መነስነስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውኃውን ከሥጋው እየመጠጠ፣ አረፋ እያስደፈቀ በዝግታ ይገድለዋል። በነቃበት የፈላ ውኃ ውስጥ መክተትም፣ በነቃበት ንጹሕ አልኮል ውስጥ መጣልም እንዲሁ። ፍሪዘር ብዙ ሰው የዋህ መንገድ ይመስለዋል፤ እንስሳው ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ በሥጋው ውስጥ በረዶ ይሠራበታል፣ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ማቀዝቀዝን ከማደንዘዝ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ እርምጃ ያደርገዋል እንጂ ብቻውን አይቀበለውም። በከባድ ነገር በአንድ ምት ሙሉ በሙሉ መጨፍለቅ ለዓይን ቢዘገንንም በትክክል ከተደረገ ፈጣን ነው። ችግሩ የሰው እጅ በዚያች ቅጽበት መንቀጥቀጡ ነው፤ ግማሽ ምት ከሁሉ ይብሳል። ጭንቅላቱን መቁረጥም አያዋጣም፣ ነርቮቹ አንድ ቦታ አይደሉምና።

የሚሻለው ሁለት ደረጃ ያለው ነው፦ መጀመሪያ ማደንዘዝ፣ ከዚያ መግደል። በ2016 በአሜሪካ የላብራቶሪ እንስሳት ሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ትንንሽ የየብስ ቀንድ አውጣዎች ላይ ይህን ፈትኖ 5 በመቶ አልኮል ያለው ውኃ፣ ወይም ያው ጥንካሬ ያለው ተራ ቢራ፣ በአሥር ደቂቃ ያህል እንደሚያደነዝዛቸው አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ወደ 95 በመቶ አልኮል ሲዛወሩ ያለ መንፈራገጥ ይሞታሉ። በቀጥታ ወደ ብርቱው አልኮል የተጣሉት ግን ሲጨነቁ ታይተዋል። ጠላ ይሆናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ የጠላ ጥንካሬ ከእንስራ እንስራ ይለያያልና አይሆንም፤ የቢራው መጠን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

የእጅ መዳፍ የሚያህለው የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ከእነዚያ ትንንሾች የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰዓት ሳይሆን እንስሳው ነው የሚታየው። እግሩ ይላላል፣ ቀንዶቹ ተዘርግተው ይቀራሉ፣ ሲነኩት አይሰበሰብም። በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ ቀንዱንና የእግሩን ጠርዝ ነካ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነክቶ፣ ምንም ምላሽ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ብርቱው አልኮል፣ እሱ ከሌለ ፍሪዘሩ ወይም አንዱ ምት ሊከተል ይችላል። የውጭ አገር እንስሳትን የሚያክም ሐኪም በአካባቢው ካለ ደግሞ እሱ ጋ መውሰድ ይሻላል። ቀንድ አውጣ አክሞ ባያውቅ እንኳ ማደንዘዣ አለው፤ በስልክ አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም።

የእንቁላሉ ነገር ከዚህ አይለይም። ቀንድ አውጣ ሴትም ወንድም ነው፤ የተቀበለውን ዘር ለወራት ማቆየት ስለሚችል ብቻውን የሚኖር ቀንድ አውጣ እንኳ ድንገት ከ100 በላይ እንቁላል ከአፈር ሥር ቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ሁሉን ላሳድግ ያለ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል። አፈሩን በየሳምንቱ እየፈተሹ አዲሱን እንቁላል ፅንሱ ሳያድግ ፍሪዘር ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ አቆይቶ መጣል ነው። ግልገሉ ከተፈለፈለ በኋላ ከመወሰን ይህ እጅግ ይቀላል።

ሞት ሁሉ ግን ውሳኔ አይፈልግም። በሃዋይ ጆርጅ የሚል ስም የወጣለት ቀንድ አውጣ የዝርያው የመጨረሻ ሆኖ ለብቻው ዓመታት ከኖረ በኋላ በጥር 1 ቀን 2019 ሞተ፤ ዕድሜው 14 ያህል ነበር። ማንም አላቻኮለውም። ያረጀ ቀንድ አውጣ ይዘገያል፣ ትንሽ ይበላል፣ ብዙ ይተኛል፤ ሲነኩት እስከተሰበሰበ፣ ሥጋው እስከረጠበ፣ አልፎ አልፎም ኪያሩን እስከላሰ ድረስ እርጥበቱን ጠብቆ መተው ነው።

ሲሞት ከሌሎቹ ቶሎ ይለይ፣ አፈሩም ይለወጥ። ቀንድ አውጣዎች መካከል በሽታ ዝም ብሎ እንደሚስፋፋ ለንደን የእንስሳት ማቆያ በሚያሳዝን መንገድ አይቶታል። ፓርቱላ ቱርጊዳ የተባለው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ዝርያ የመጨረሻው ቀንድ አውጣ በጥር 1996 እዚያ ሞተ፤ የሞቱት የዝርያው ቀንድ አውጣዎች ሬሳ ሲመረመር ማይክሮስፖሪዲያ የሚባል ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ ተገኘ። ዝርያው ማቆያ ድረስ የመጣው ደግሞ በደሴቶቹ ላይ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ስለተለቀቀ ነበር። ሥጋ በሉ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ደሴቶቹ የገባው ሰው ቀድሞ ያስገባውን ግዙፉን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ እንዲያጠፋ ነው፤ እሱን ትቶ የአገሬውን ፈጀ።

በ1966 ደግሞ አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ይዞ ማያሚ ገባ። አያቱ ጓሮ ለቀቀቻቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሆኑ፤ ፍሎሪዳ እነሱን ለማጥፋት እስከ 1975 ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር አወጣች። አሜሪካ የምትከለክለው አለምክንያት አይደለም። ቀንድ አውጣው በሰው አንጎል ሽፋን ላይ ብግነት የሚያመጣውን የአይጥ ሳንባ ትልም ሊሸከም ይችላል።

እንግዲህ አስታማሚው ሲደክመው፣ ወይም የሚተርፉት ሲበዙበት፣ "ሜዳ ላይ ልልቀቃቸው፣ ነፍስ ናቸው" የሚለውን ሐሳብ አይቀበል። ለልጅም "ወደ አገሩ ሄደ" ብሎ መዋሸት አያስፈልግም፤ ልጁ ነገ ሌላውን አገሩ ሊሰደው ይችላል። ሞተ ይባል፣ አብሮ ይቀበር። ለማሳደግ የሚፈልግ ሌላ ሰው ከተገኘ ይሰጠው፤ ካልተገኘ ሳጥኑ ውስጥ ይቆዩ። ሳጥኑን የነካ እጅ ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠብ።